ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው አቃቂ

ጥሩምባ መንፋት የተማርኩት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ልብስ በማሰጣበት በረንዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዛት ላም ይመስል ነበር። አንድ ማለዳ ግን ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ድንገት ተሳካልኝና ድምፁ ከብሎክ ብሎክ እያስተጋባ ወጣ። በደስታ ደገምኩት። ሦስተኛውን ሳልነፋ ደረጃው ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሴቶች ተሞላ። "ማን ነው? ማን አረፈ?" እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። እኛ ዘንድ በማለዳ ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነውና የዕድሩ አባል የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ታመው የከረሙት የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን በራቸውን ገርበብ አድርገው "እኔ ነኝ እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ልምምድ ላይ መሆኔን ሳስረዳ ረፈደብኝ። ይቅርታ ያደረጉልኝም ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ ነው።

ጉዳዩ አጎቴ ግርማ ነው። ግርማ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አሰብ የነበረ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበር። በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ እዚያ የነበረው ወታደር ባገኘው ጀልባም በእግሩም ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። ብዙዎቹ ውለው አድረው ተመለሱ፤ ግርማ ግን ቀረ። አንድ ጓደኛው አቃቂ በሰቃ ድረስ መጥቶ "ክፉኛ ታሞ፣ አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ትተነው መጣን" አለና አልቅሶ ሄደ። ግርማን እንደ ልጃቸው ያሳደጉት ታላቅ እህታቸው፣ የእኔ አክስት እትዬ ወይንሸት፣ ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። "ማን ቆሞ ቀበረው? ማን አለቀሰለት? ይኼን ሳላውቅ ድንኳን አይተከልም" ብለው ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚሁ ጸኑ።

ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ሽኩር አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ሽኩር ከቃሊቲ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የስልጤ ልጅ፣ የዕድራችን አባል። ወደቡ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ ከአቃቂ መምጣቱን ሲያወራ፣ ሙሳ የሚባል አንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ "እኛም መንደር አቃቂ አለ" ይለዋል። ከኦቦክ ከተማ በላይ፣ በባሕሩ ዳር፣ የመንደራቸው መቃብር አንዷ ጥግ አቃቂ ትባላለች። እዚያ የተቀበረው ሐበሻ ወታደር ከአፉ አቃቂ አይጠፋም ነበርና። ስሙ ማን ነበር ቢለው፣ ግርማ።

እትዬ ይህን የሰሙ ዕለት ተነሥተው አናጢ ቤት ሄዱና አንድ ሳጥን አሠሩ። የግርማን አፅም አምጥተው ከእናትና አባታቸው አጠገብ፣ እሳቸውም ነገ ከሚያርፉበት ቦታ ጎን ሊያሳርፉት ነው። ዕድሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው "ጥሩምባ ያልተነፋለት ቀብር የዕድራችን ቀብር አይደለም፤ አፅሙ ሲነሣም ይነፋለታል" ብለው ወሰኑ። ጥሩምባ ነፊያችን ጉልበታቸው ረጅም መንገድ አይፈቅድላቸውም፤ ስለዚህ ከእትዬ ጋር የሚሄደው ሰው መንፋት ይማር ተባለ። ፎቶ ኮፒ ቤቷን ዘግታ እትዬን ለመሸኘት የተመደበች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

በጥር አጋማሽ፣ በብርድ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ፣ ለቡ ባቡር ጣቢያ ደረስን። እትዬ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ያደጉት በአሮጌው ባቡር ጩኸት ነው። አዲሱ ባቡር ድምፅ ሳያሰማ ሲነሣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ሳይጮህ የሚሄድ ነገር አላምንም" አሉ።

ወንበራችን ለሦስት ሰው ነው። ከእኛ ጎን የተቀመጠ አንድ ነጋዴ ጎረምሳ ቦታው ቢጠበው መተላለፊያው ላይ ባለው ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

"ተነሥ! ወንድሜ ላይ አትቀመጥ!" አሉ እትዬ።

ልጁ እንደ ኳስ ነጠረ። ሳጥኑ ገና ባዶ መሆኑን ብነግረውም ድሬዳዋ እስክንደርስ ቆሞ ነው የሄደው። እትዬ አዘኑለትና ከድፎ ዳቧቸው ትልቁን ቆርሰው ሰጡት፤ ከዚያ ለፊተኛው ወንበር፣ ከዚያ ለኋለኛው። አዳማ ሳንደርስ ዳቦው አልቆ በሶ እየበጠበጥን ነበር። አዋሽን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ድሬ ስንገባ የማወልቀው አልቆብኝ ነበር።

ያደርንበት ቤት ባለቤት አንዲት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ማራገቢያውን ከፍታልን ትወጣለች፤ እትዬ "ምች ይመታናል" ብለው ያጠፉታል። ሴትየዋ ተመልሳ ትከፍታለች፤ እትዬ ያጠፋሉ። እኔ መሃል ላይ እንደ ቅቤ ቀለጥኩ። በመጨረሻ ሴትየዋ ማራገቢያውን ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ ንፋሱ ከግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ እትዬ ምች አይደለም አሉ።

እሑድ

ደወሌ ላይ ድንበሩ ነው። ፓስፖርታችንን የተቀበለው የእኛው አገር መኮንን ሻንጣዬ ውስጥ ጥሩምባውን ሲያይ ቅንድቡን አነሣ።

"ይኼ ምንድነው?"

"የዕድር ጥሩምባ ነው" አልኩት።

"እስቲ ንፊው።"

"ይቅርብህ፤ ሲነፋ ሰው ሞተ ማለት ነው" አልኩት። እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ቀጥሎ ሳጥኑን ከፈተ።

"ባዶ ሳጥን ይዞ ድንበር መሻገር ምን ይባላል፣ እናቴ?"

"ወንድሜን ላመጣበት ነው" አሉት። መኮንኑ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ማኅተሙን ከመታ በኋላ ተነሥቶ ሳጥኑን ራሱ ተሸክሞ እስከ ባቡሩ አደረሰልን።

ጅቡቲ ጣቢያ ሽኩር ቆሞ ይጠብቀናል። መኪናውን ወደቡ ላይ ለረዳቱ ትቶ፣ ከቀጣሪው ፈቃድ ወስዶ ነው የመጣው። እኔ ላቤን በነጠላ እየጠረግሁ ስወርድ፣ ከጎኑ የቆሙት የአገሩ ሰዎች ጃኬት ለብሰው እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል። "ዛሬ ብርድ ነው ይላሉ" አለኝ ሽኩር። እነዚህን ሰዎች ሐምሌ ላይ አቃቂ አምጥቼ አንድ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ባቆምኳቸው ብዬ ተመኘሁ።

ያደርነው ከድሬዳዋ ሄዳ ምግብ ቤት የከፈተች አንዲት ያገር ልጅ ቤት ነው። ሽሮዋ ከቤት ሽሮ አይለይም። እንጀራዋ ስስ ቢሆንም፣ ጤፉ ስንት አገር አቋርጦ እንደመጣ ሳስበው አፌን ዘጋሁ።

ሰኞ

እኔ ከዚያ ቀን በፊት ያየሁት ትልቁ ውኃ በክረምት የሞላ የአቃቂ ወንዝ ነው። ባሕሩን ሳይ አብሮን የሚሻገረውን የሽኩርን ክንድ ያዝኩ። ወደ ኦቦክ የሚያሻግረው ጀልባ ሰውም ፍየልም ፍራሽም ጭኖ ተነሣ። ጥቂት እንደሄድን ዳርቻው ጠፋ። የቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ "ወራጅ አለ!" ብለህ መውረድ ትችላለህ፤ እዚህ ወዴት ይወረዳል? ማስመለስ ጀመርኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ አፋር ትሁን ሶማሌ አላወቅኩም፣ ጭንቅላቴን ይዛ ሎሚ ቆርጣ አፍንጫዬ ላይ አደረገችልኝ፤ ጭኗ ላይም አስተኛችኝ። እትዬ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

"እርስዎ አይፈሩም?" አልኳቸው።

"ግርማ በዚህ ውኃ ላይ ታሞ ነው የሄደው። እኔ ደኅና ሆኜ ምን ያስፈራኛል?"

ኦቦክ ጸጥ ያለች፣ ቤቶቿ ዝቅ ዝቅ ያሉ ከተማ ናት። የሽኩር ወዳጆች ግቢያቸው ውስጥ አልጋ ዘርግተውልን ከሰማይ በታች ተኛን። አፅም ለማንሣት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ሽኩር አስቀድሞ ጠይቆ ነበር፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች እሺ ካሉ ሌላው አያስቸግርም ተብሏል።

ማክሰኞ

በአንዲት ፒክአፕ ባሕሩን ይዘን ወደ ሰሜን ሄድን። ሁለት ጊዜ ጎማው አሸዋ ውስጥ ገባ፤ ሁለቴም ወርደን ገፋን። እትዬ ሳይቀሩ ገፉ። መንደሯ ስንደርስ ጠይም፣ ረዘም ያለ ሰው ወደ መኪናው ሮጠ። ሙሳ ነው። እትዬን አየና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በጠራ አማርኛ፦

"ምን ያንቀዠቅዥሃል!" አላቸው።

እኔ ደነገጥኩ። እትዬ ግን አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሙሳ ከሹፌሮች በለቃቀመው አማርኛ አስረዳ። ልጅ ሳለ ግርማ የተኛው እነሱ ቤት ነው፤ ሲሯሯጥ ባየው ቁጥር እንዲህ ይለው ነበር።

"የሱ ነገር ነው! ሰፈሩን ሙሉ እንዲህ ሲል ነው ያደገው!" አሉ እትዬ። እያለቀሱ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ሙሳን አንገቱን አቅፈው ሳሙት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ትክክለኛው ግርማ መሆኑን ከዚያ በኋላ የሚጠራጠር አልነበረም።

መቃብሩ ከመንደሯ ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ነው። ሁሉም መቃብር በድንጋይ የተከበበ፣ ቀላል ነው። የግርማ ዙሪያው ባሕር ያለሰለሳቸው ጥቁር ድንጋዮች፣ በላያቸው ነጫጭ ዛጎሎች ናቸው። አሸዋው የተጠረገ ነው። የአቃቂ መቃብሮቻችንን አረም አሰብኩና አፈርኩ። እትዬ ተንበረከኩ። ቀና ሳይሉም "ንፊ" አሉኝ።

ነፋሁት። ቱሉ ዲምቱ ላይ እንኳ እንደዚያ አልወጣልኝም። ባሕሩ ድምፁን ተቀብሎ መለሰው። ደገምኩት። ያን ጊዜ ከመንደሯ ጩኸት ተሰማ። ሴቶች፣ ወንዶች፣ ሽማግሌዎች፣ ገበቴና ባልዲ ይዘው ጉብታውን እየሮጡ ወጡ። ሴቶቹ ይሳሳቃሉ፤ አንዷ እንዲያውም ቢላዋ ይዛለች። እትዬ ደነገጡ።

"ምን ሆነው ነው?"

ሙሳ መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እዚያ አገር ጀልባ ዓሣ ሞልታ ስትገባ አጥማጆቹ ትልቅ ዛጎል ይነፋሉ፤ ሰው ዕቃውን ይዞ ይወርዳል። ድምፁ ከጥሩምባችን አይለይም። ከመቃብሩ በኩል ምን ዓይነት ዓሣ መጣ ብለው ነው ግልብጥ ብለው የወጡት።

በመንገድ ብዛት አፋርኛ የለመደው ሽኩር የእኛን አገር ልማድ ነገራቸው። ሲነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ የሰማ ሁሉ ይወጣል። ሳቁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሽኩር ተረጎመ።

"እንግዲያው የመጣነው በትክክል ነው፤ አንመለስም ይላሉ።"

ሁሉም ገበቴያቸውን ደፍተው ተቀመጡበት። እትዬ ያን ሁሉ ዓመት ሲጠይቁት የኖሩትን ጠየቁ፤ ማን ቀበረው? ሽማግሌው እጃቸውን በተቀመጠው ሕዝብ ላይ ዘረጉ። ያን ቀን አንድም ጀልባ ባሕር አልወጣም፤ መንደሯ በሙሉ ቆማ ቀበረችው። ያለቀሰችለት ደግሞ የሙሳ እናት ፋጡማ ናት ብለው ከኋላ የተቀመጡ፣ ቀጭን፣ ጥቁር የለበሱ አሮጊት አሳዩን። ሁለት ወር ያህል ያስታመሙት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ሽኩርም ሊተረጉም አልሞከረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ ልበለው ሰርግ አላውቅም። እያንዳንዱ ስለ ግርማ የሰማውን ያወራል። ታሞም ወሬ አያልቅበትም ነበር።

"አቃቂ ከሰማይ በረዶ ይወርዳል፣ ልጆች እየለቀሙ ይበሉታል ይለን ነበር። ውሸታም አልነው" አለ ሙሳ።

"እውነቱን ነው እኮ! እሱ ራሱ ጣሳ ሙሉ ለቅሞ በልቶ ጉሮሮውን ታሟል!" አሉ እትዬ።

ሲተረጎም ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ፤ መንደሯ በሳቅ ፈረሰች። ስንት ዓመት ሙሉ ውሸታም ሲሉት የኖሩት ሰው በአንድ ቀን ነፃ ወጣ።

ለምሳ ፍየል ሊያርዱ ተነሡ። እትዬ ጭንቅ ያዛቸው፤ የእስላም እርድ አይበሉም፣ ይህንንም መናገር አፈሩ። ሽኩር ገብቶታል፤ እሱም አቃቂ ውስጥ ስንት ድግስ ላይ እንዲሁ ተቸግሯል። "ዓሣ እንብላ፤ ዓሣ የሁላችንም ነው" አለ። ከሁለት የተሰነጠቀ፣ በርበሬ የተቀባ፣ ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ቂጣ መጣ። እትዬ እሾሁን እየለቀሙ ለፋጡማ ያጎርሳሉ፤ ፋጡማ ለእትዬ። አቃቂ እያሉ ዓሣ እንኳን ሊበሉ ሲሸታቸውም አይወዱም ነበር።

ከምግብ በኋላ እትዬ ሳጥኑን አስመጡና የመጡበትን ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተመካከሩ። ሙታን ከቦታቸው ሲነቀነቁ ማየት አይወዱም፤ ፊታቸው ላይ ይታያል።

"እህቱ ናት። መብቷ ነው። ነገ ጠዋት እናግዛታለን" አሉ።

እትዬ አመሰገኑ። የፈለጉትን ሁሉ አግኝተው ስለ ነበር ፊታቸው በርቷል። ፋጡማ ብቻ ተነሥተው ሄዱ።

ረቡዕ

ጠዋት ወደ ጉብታው ስንወጣ ፋጡማ ቀድመውናል። በእጃቸው አሸዋውን ይጠርጋሉ፣ የወደቀ ዛጎል ያነሣሉ። ሊነሣ ያለ መቃብር ማን ይጠርጋል? እትዬ ሙሳን ጠየቁት። ሙሳ ማየት የፈለገው ባሕሩን ብቻ ነበር።

"ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ጀልባው ወጣ፣ አልተመለሰም። ባሕር መቃብር የለውም። እናቴ የምታለቅስበት ስታጣ ግርማ ጋ መምጣት ጀመረች። አርብ አርብ ትመጣለች። 'ይኼም የሌላ እናት ልጅ ነው፤ እኔ ይኼን ስጠብቅ የኔን ደግሞ ሌላ አገር አንዲት እናት ትጠብቅልኝ ይሆናል' ትላለች። አትውሰዱት አትልም። መብታችሁ ነው።"

እኔ እትዬን እመለከታለሁ። ይህን ሁሉ መንገድ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አውቃለሁ፤ አቃቂ ላይ የተዘጋጀውን ቦታም አውቃለሁ። ከዚያ እትዬ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፋጡማ ጎን ተቀመጡና እሳቸውም አሸዋውን መጥረግ ጀመሩ። አካፋ የያዙት ወጣቶች ቆመው ይጠብቃሉ።

"እነዚህን ልጆች መልሷቸው፤ ሥራ የላቸውም እንዴ?" አሉ እትዬ ቀና ሳይሉ።

"ሳጥኑስ?" አልኳቸው።

"ሙሳ መረብ ይክተትበት።"

ሽኩር ተረጎመ። ፋጡማ እትዬን አቅፈው እንደ ልጅ ጮኸው አለቀሱ፤ እትዬም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ደስ ብሎኝ ነው፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አቃቂ

በመልሱ መንገድ ባሕሩ አልደፈረኝም፤ ሎሚ ይዤ ነበር። አቃቂ በሰቃ እትዬ ደጃፍ ላይ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀን። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን፤ ግን የሚስቀው ከሚያለቅሰው በለጠ። እትዬ የበረዶውን ነገር ለመጣው ሁሉ ሲያወሩ ድምፃቸው ተዘጋ። አንድ የሩቅ ዘመድ "ልጁን ባዕድ አገር ጥለሽው መጣሽ?" ቢሏቸው፣ እትዬ ንፍሯቸውን እየበሉ "ምን ባዕድ አለው? እናት አለው እዚያ" አሏቸው።

አሁን አርብ ሲሆን ከሥራ ወጥቼ እትዬ ዘንድ እሄዳለሁ። በዚያች መንደር የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው፤ ሙሳ እናቱን ይዞ ይወጣና ይደውላል። ሁለቱ አሮጊቶች አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በአፋርኛ ያወራሉ። ምንም አይግባቡም፤ ግን ማንም መሃላቸው እንዲገባ አይፈልጉም። ከዚያ ፋጡማ ስልኩን የግርማ መቃብር ድንጋዮች መሃል ያስቀምጡታል። የባሕሩ ድምፅ ይሰማል። እትዬ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ጥቁር ገበያ ያለውን የስኳር ነገር፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ክረምቱ እንደበረታ፣ አዲሱ ባቡር እንደማይጮህ፣ አንድም ሳያስቀሩ ይነግሩታል። ባለፈው አርብ ጎናቸው ተቀምጬ ሰማኋቸው።

"በል እንግዲህ፣ ሌላ አርብ እንጫወታለን" አሉት። "ደግሞ ፋጡማን በወሬ አታድክማት፤ አርጅታለች።"